የሐሙሱ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን
ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ መኪና ውስጥ ሆኜ

ለብሎኔ፣ ለእልኸኛው ልጄ፤

በዚህ ስም ከጠራሁህ ስንት ዓመቴ! ትንሽ ልጅ ሳለህ ሱሪህን ባጠብኩ ቁጥር ከኪስህ ብሎን እየወጣ የልብስ ማጠቢያዬን ሲያንኳኳ፣ አባትህ «ይሄ ልጅ ራሱ ብሎን ነው» አለና ስሙ ወጣልህ። አሁን ጺም አውጥተህ፣ በሰው አገር የሰው ጭነት መኪና እየፈታህ፣ ለኔ ያው ብሎኔ ነህ። ቅር ካለህ ቅር ይበልህ።

እንዴት ነህ? ትበላለህ? ያለህበት ቦታ ብርድ ነው አሉ። እግርህን ጠብቅ፤ አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ብርድ የሚገባህ በእግርህ በኩል ነው። ሁለት ካልሲ ደርብ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ቤቱም ደህና ነው፤ የሚያቆሽሸው ሰው ስለሌለ አይቆሽሽም። ሬዲዮውን ጠዋት ከፍቼ እወጣለሁ፤ ማታ ስገባ የሚናገር ነገር ይቆየኛል።

ይሄን ደብዳቤ የምጽፍልህ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። ከመጀመሪያው ልንገርህ ብዬ ነው፤ እኔን ታውቀኛለህ፣ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ መድረሻዬ ይጠፋኛል። አሁን ተናገርኩት። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ግን ከሥሩ ላውራህ፤ እናትህ ችሎት ቆማለች። ሳቅ፣ ግዴለህም። እኔ እናትህ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ልቧ ቀጥ የሚለው ሴትዮ፣ ዳኛ ፊት ቆሜ ተናገርኩ።

ሎጋውን ታስታውሰዋለህ? እግርና እጅ አልታዘዝ ያላቸውን በሽተኞች የሚያሠራው፣ ከኛ ከነርሶቹ ጋር ቤት ለቤት የሚዞረው፣ መኪናው ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ መሪውን የሚነካው ረጅም ልጅ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ መኪናው ሞተሩ ተበላሸበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአውቶቡስ እየተጋፋ በሽተኞቹ ጋ ሲሄድ አረፈደ፤ ድርጅቱም ላረፈደበት ከደመወዙ ቆረጠው። ሄዶ ለሥራ አስኪያጁ፣ «መኪናው የኔ፣ ነዳጁ የኔ፣ ጎማው የኔ፤ ሲበላሽ ደግሞ ቅጣቱም የኔ?» አለው። ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለው አንተ ትገምታለህ። «የመጓጓዣው ነገር እኮ ደመወዛችሁ ውስጥ ተካቷል።»

ይሄን ቃል ስለሚወዳት ስሙን አቶ ተካቷል ብለነዋል። ነዳጅ ተካቷል፣ ጎማ ተካቷል፣ ዘይት ተካቷል። አንዷ ነርስ «አንድ ቀን ነፍሳችንም ተካታለች ይለናል» ብላ አስቃን ነበር። ስንስቅ ዓመታት አለፉ። በቀን ስድስት በሽተኛ፣ አንዱ ከተማው ዳር፣ አንዱ ሌላው ዳር፤ ቁስል አጥበህ፣ መርፌ ወግተህ፣ እንደገና መንዳት። ወር ሳይጋመስ የነዳጁ ነገር ወደ ወጥ ቤት ይገባና ከምትበላው ላይ ይቀንስብሃል። እኛ ግን ዝም። ዝም አይነቅዝም እያልኩ አሳድጌህ የለ?

ሎጋው ግን ዝም አላለም፤ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ችሎት ሄዶ አመለከተ። ስምንታችንንም አስፈረመን። እኔ የፈረምኩት ሌሎቹ ሲፈርሙ አይቼ ነው፤ እውነቱን ልንገርህ። እዚያ ምን አሉት፣ «ለሥራ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳችሁ ማስረጃ አምጡ።» ማን ይዞ! ያላቸው የነዳጅ ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኝ ደግሞ ነዳጅ መገዛቱን እንጂ የት እንደተነዳ አይናገርም። በመጨረሻ አንዷ፣ «እትዬ ደብተር አላቸው እኮ፣ መኪና ባቆሙ ቁጥር ይጽፋሉ» አለች። አፏን በያዘልኝ!

ደብተሩን ያስጀመርከኝ አንተ ነህ። አባትህ ሞቶ መኪናዋ ለኔ የቀረች ጊዜ፣ አንድ ባለመስመር ደብተር ገዝተህ ኪሷ ውስጥ ከተትክ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዚያ እንደ ዶሮ ጭረት በሆነ ጽሕፈትህ፣ «እማዬ፣ ስትነሺ ቆጣሪውን ጻፊ፣ ስትቆሚ ጻፊ፣ የት እንደሄድሽም ጻፊ። አምስት ሺህ ሲሞላ ዘይት ይቀየራል» ብለሃል። አንተ ለዘይት ብለህ ያልከውን እኔ ሃይማኖት አደረግኩት። ሞተር አጠፋለሁ፣ የእጅ ፍሬን እስባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ነው የምወርደው። ሳልጽፍ ወርጄ አላውቅም። አራት ደብተር ሞላ። ዘይቱን ግን ሁልጊዜ አሳልፌ ነው የማስቀይረው፤ አትቆጣ።

ሎጋው ቤት ድረስ መጣ። ሻይ ላፈላለት ሁለተኛ ብርጭቆ ስፈልግ፣ ቁምሳጥን ውስጥ አቧራ ለብሶ አገኘሁት፤ እሱ እንዳያየኝ ዞሬ አጠብኩት። «እትዬ፣ ያለ እርስዎ ደብተር ባዶ እጃችንን ነን» አለኝ። አልሰጥም አልኩት። ለምን ሲለኝ «የግሌ ነገር ተጽፎበታል» አልኩ። እሱ ምን ያውቃል፤ የበሽተኛ ምስጢር መሰለው መሰለኝ፣ ሻዩን ጠጥቶ አመስግኖ ሄደ። እኔ ግን የፈራሁት አንድ ቀን ነበር። ሁለተኛው ደብተር ውስጥ ያለች አንዲት ቀን።

ያቺን ቀን አንተም እኔም እናውቃታለን። ግን አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ልጻፋት፤ እስከ ዛሬ ያልተጻፈ ግማሽ አላት።

በዋዜማው ለመኪናዋ በዓመቱ ሦስተኛውን ጎማ ከኪስህ ገዝተህ ገጠምክ። እጅህን በጨርቅ እየጠረግህ፣ «እማዬ፣ አንቺ ነሽ ለመኪናዋ የምትሠሪው ወይስ እሷ ናት ላንቺ?» አልከኝ። እኔ ደግሞ ሆድ ብሶኝ፣ «እኔ አለቃ ፊት አፌ አይታዘዝልኝም፤ አንተ ጠይቅልኝ» አልኩህ። እኔ ነኝ ያልኩት። በራስህ አልተነሳህም፤ ላክሁህ። ጠዋት አብረን ሄድን። ቢሮው በር ላይ አቁሜ፣ እንደ ልማዴ ጻፍኩ፤ ከዚያ ወረድን።

መጀመሪያ በትሕትና ነው የጠየቅከው፤ ሰው እንዴት እንደዚያ አምሮበት ይጠይቃል ብዬ ኮርቼብህ ነበር። ሰውየው ሳቀ። ተካቷል አለ። አንተ «የት ነው የተካተተው? ያሳዩኝ» አልክ። ከዚያ ድምፅ ከፍ አለ፤ በሮች ተከፈቱ፤ ኮሪደሩ በሰው ሞላ። ሰውየው ወደኔ ዞሮ፣ «ይሄ ሰው ከርስዎ ጋር ነው? እርስዎ ነዎት የላኩት?» አለኝ። አባትህ ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር። የቤት ኪራዩ፣ ዕዳው... ምክንያት ነበረኝ። ምክንያት ደግሞ ማን ያጣል! አፌን ከፍቼ፣ ምላሴን በቆረጠው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጄ ጠጥቶ ነው» አልኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ቢራ ስታይ ፊትህን የምታጨማድደውን ልጅ። ያኔ ያየኸኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልሄደም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ብያለሁ፣ ስንት ጊዜ። ዞረህ በእግርህ ሄድክ። ማታ የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ፣ «ሰካራም ልጅ ይዘሽ አትቸገሪ፤ ጋራዤም እንዳትመጪ» ብለህ ወጣህ። እኔም እናትህ አይደለሁ፣ እልኸኛ ከማን ወጣህ፣ እንዳልመጣ ካለኝ አልመጣም አልኩ።

መጣሁ እንጂ። እሱን አታውቅም ብዬ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የመጨረሻው በሽተኛዬ እግራቸው የሚቆስለው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከሳቸው ቤት ጋራዥህ ድረስ ደርሶ ለመመለስ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከማዶው መንገድ ላይ ቀስ ብዬ አልፋለሁ። የብረት በሩ ተከፍቶ፣ ከአንዱ መኪና ሥር እግሮችህ ወጥተው ካየሁ በቃኝ። እግርህን ካየሁ አለህ ማለት ነው። ዞሬ እመለሳለሁ፣ ቤት ስደርስ ደብተሩ ላይ «የግል፣ 11» እላለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ ሐሙስ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት። ታመመ ይሆን ብዬ ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩ እኔ አውቃለሁ። በሚቀጥለውም ተዘግቷል። በሦስተኛው ሳምንት አገር ለቀህ መሄድህን ገበያ ውስጥ ካገኘኋት የድሮ ጎረቤታችን ሰማሁ። እናት ከጎረቤት ትስማ? እሷ «እንዴት ነው፣ ደረሰ ወይ?» ስትለኝ፣ «አዎ ደርሷል፣ በደህና ደርሷል» አልኳት። የት እንደሄድክ እንኳ አላውቅም ነበር። እቃዬን እዚያው ጥዬ ገንዘብ ከፍዬ መውጣቴ ትዝ ያለኝ ቤት ገብቼ ነው።

ከዚያ በኋላ አቆምሽ ወይ ብትለኝ፣ አላቆምኩም። የተዘጋ በር ለማየት ነዳጅ የሚያቃጥል ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ወደ ሎጋው ልመለስ። ደብተሩን ከከለከልኩት በኋላ፣ በሳምንቱ መሰለኝ፣ መኪናው ገና ሳይሠራለት፣ ዝናብ ሲዘንብ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አየሁት። በሽተኞቹን የሚያሠራበትን ምንጣፍ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣ ራሱ እየበሰበሰ ምንጣፉን በኮቱ ሸፍኖታል። አለፍኩት። መቶ ሜትር ያህል ሄጄ ግን እግሬ ፍሬኑን ረገጠው። ኮሪደሩ ላይ አንተን ጥዬ ቆሜ የለ? አንድ ሰው በሕይወቱ ስንት ልጅ ጥሎ ያልፋል! ወደኋላ ተመለስኩ። ጉልበቱን አጥፎ ሲገባ፣ «ያ ኪስ ውስጥ አራት ደብተር አለ፣ ውሰደው፤ ቶሎ ውሰደው ሳልመለስበት» አልኩት።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ናት፤ ከድርጅታችን የልብስ መቀየሪያ ብዙም አትበልጥም። ዳኛዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ስታነብ ታደርገዋለች፣ ሰው ስታይ ታወልቀዋለች። አቶ ተካቷል ከጠበቃው ጋር ተቀምጧል። ጠበቃው ተነሥቶ፣ «ውሉ ላይ ስለ ነዳጅ አንድም ቃል የለም» አለ። ዳኛዋ፣ «ቢኖርማ ኖሮ እዚህ ምን እናደርጋለን?» አለችው። እኔ ያን ጊዜ ትንሽ ወደድኳት።

ከዚያ ጠበቃው ደብተሬን አነሣ። ሊያጣጥለው ነው የፈለገው። ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «በየሐሙሱ የግል፣ አሥራ አንድ ይላል። አንድም ሐሙስ አይጎድልም፤ አራት ዓመት ሙሉ። ሰው እንዴት በየሳምንቱ እኩል ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ይሄ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ነው» አለ። ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ፣ «የት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

ብሎኔ፣ ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ነበር። ከነሱ አንዱም ከልጄ ጋር እንደተጣላሁ አያውቅም። ልጅሽ እንዴት ነው ሲሉኝ «ደህና ነው፣ ደውሎልኛል» እያልኩ ነው የኖርኩት። «ልጄ ጋራዥ» አልኩ። «ይጠብቀዎታል?» አለች። «አይ፣ የለም፤ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል» አልኩ። «ታዲያ ምን ያደርጋሉ እዚያ?» «አልፋለሁ። በሩን አይና እመለሳለሁ።» ጠበቃው ወረቀቱን ማስተካከል ጀመረ። ዳኛዋ መነጽሯን መለሰችና፣ «ይህን ሳይጠየቁ ‹የግል› ብለው የለዩ ሰው፣ ሌላውን ይዋሻሉ ብዬ ለማመን ይከብደኛል» አለች። ሎጋው ከኋላዬ ሲተነፍስ ተሰማኝ።

ቀጥላ፣ «ከዚህ ክስ በፊት ባሉት ዓመታት ድርጅቱን ወጪያችሁን እንዲከፍል የጠየቀ ሰው ነበር?» አለች። ለካ ትልቁ ነገር ይሄ ኖሯል። ጠይቀን ከሆነ ከጠየቅንበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል፤ ካልጠየቅን ክሱ ከገባበት ካለፈው ወር ብቻ። ስምንት ሰው፣ አራት ዓመት። አቶ ተካቷል ፈጠን ብሎ ተነሣ። «ማንም ጠይቆን አያውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ሰካራም ቢሮ መጥቶ ጮኋል፤ ሰካራም መሆኑን የነገሩኝም እኚሁ ሴትዮ ናቸው።»

ዳኛዋ ቀኑን ጠየቀችው፤ እሱ ወሩን ያስታውሳል። ደብተሩን ገልጣ፣ ገልጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «ከቤት ቢሮ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር። ልጄ ስለ ነዳጅ ሊጠይቅልኝ አብሮኝ መጣ። ፈጣሪ አፉን ያቅናለት።»

ያቺ ቀን ደብተሩ ላይ እንዳለች አውቃለሁ፤ እንዲህ ብዬ መጻፌን ግን ረስቼዋለሁ። ከመኪናው ሳልወርድ፣ ገና ሳልክድህ የጻፍኩት ነው። ጠበቃው ምን ነካው መሰለህ፣ «ይህ ብቻ ምን ያረጋግጣል? ያ ሰው ሰክሮ እንደነበር ራሳቸው መስክረዋል፤ ይካዱ እንግዲህ!» አለ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሉ የለ?

ተነሣሁ። ወንበሩን ያዝኩ። «አልሰከረም ነበር» አልኩ። «ልጄ መጠጥ አይቀምስም። የላክሁት እኔ ነኝ። በትሕትና ነው የጠየቀው፤ እሳቸው ሲስቁበት ነው የጮኸው። እኔ እንጀራዬን ፈርቼ ዋሸሁ። በሰው ፊት ሰካራም ስላልኩት፣ በሰው ፊት አልሰከረም ልበል።» ዳኛዋ ውሃ አስመጣችልኝ።

ፍርዱ ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ ተነገረ። ሠራተኛ የድርጅቱን ሥራ ለመሥራት የነዳው፣ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ያለው፣ በድርጅቱ ወጪ ነው፤ ወደፊትም፣ ወደኋላም አንተ ከጠየቅህባት ቀን ጀምሮ። ከቤት እስከ መጀመሪያው በሽተኛ፣ ከመጨረሻውም እስከ ቤት በራሳችን። የግል ያልኩትም በራሴ። ዳኛዋ ስታነብ «የሠራተኛዋ ልጅ ጥያቄ ባቀረበበት ዕለት» እያለች ሦስት ጊዜ ጠራችህ። ሦስት ጊዜ፤ ቆጥሬያለሁ። ስምንት ሰው ካንተ ቀን ጀምሮ ይከፈለዋል። ሎጋው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ያ ሁሉ ቁመት ሲያለቅስ ምን እንደሚመስል ብታይ። አቶ ተካቷል አላባረረኝም፤ ሰላምታ ብቻ አቁሟል። ይመስገን፣ እሱም ድካም ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ኬክ ገዝተው ቆረስን። የተረፈውን «ለልጅዎ ይውሰዱለት» ብለው አስያዙኝ፤ ከዚያ ትዝ ሲላቸው ደነገጡ። ግዴለም ብዬ ተቀበልኳቸው። ቤት ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ልብሴን ሳልቀይር ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ያሸነፈ ሰው የሚነግረው ካጣ አሸነፈ ይባላል? ዝም አይነቅዝም የሚሉት ውሸት ነው፣ ልጄ። የኔ ዝምታ ነቅዟል፤ ከነኬሻው ነቅዟል።

በማግስቱ ነው ሐሙስን መጠበቅ ያቃተኝ። ረቡዕ ዕለት፣ በፀሐይ፣ ጋራዥህ በር ላይ ሄጄ አቆምኩ። ማዶ ሳይሆን እበሩ ላይ። ቁልፉ ዝጓል። ጻፍኩ፣ ከዚያ ወረድኩ። አራት ዓመት ስመላለስ ከመኪናዋ ስወርድ የመጀመሪያዬ ነው። አጠገብህ ያለው ፀጉር ቆራጭ፣ ያ ራሱ መላጣ የሆነው፣ ደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ወንበር ላይ ጥሎት ወጣ።

«እማማ! ወረዱ?» አለኝ። መውረዴ ምን ያስደንቃል ብዬ ግራ ገባኝ። «ልጄን ታውቀዋለህ? የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ካለ ብዬ ነው» አልኩት። ሰውየው እንባ ባይኑ ሞላ። «ሁለት ዓመት በመስኮት ሳይዎት ስንት ጊዜ ልጮህ አስቤ! ግን አደራ ነው። ልጅዎ ሲሄድ ‹እናቴ ከመኪናዋ ወርዳ ከጠየቀችህ ስጣት፤ ካልወረደች ግን እንዳትሰጣት› ብሎ አስሮኝ ነው» አለኝ።

አንተ ክፉ! አንተ ጨካኝ! ታየኝ ነበር ለካ! ፀጉር ቆራጩ ሁሉንም ነገረኝ። ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን ሥራ ባይኖርህ እንኳ ከአንዱ መኪና ሥር ትገባ ነበር አለኝ፤ እግርህን እንዳይ። የመኪናዋ የሞተር ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲጮህ ከሩቅ ሰምተህ፣ «መጣች» ትለው ነበር አለኝ። «ቺንጋው ሳይበጠስባት ብትወርድ ምን አለ» ትለው ነበር አለኝ። እኔ ማዶ በመስታወት፣ አንተ መኪና ሥር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። ከዚህ የባሰ ሁለት ሞኝ የት ይገኛል!

አድራሻህን የጻፍክበትን ወረቀት ከመስታወቱ ጀርባ አወጣልኝ። ከመደርደሪያውም አንድ ካርቶን አወረደ፤ ፀጉር ለብሷል። ከፈትኩት። ቺንጋ ነው። ለመኪናዋ የገዛኸው አዲስ ቺንጋ፣ በዚያ በዶሮ ጭረት ጽሕፈትህ «ለእማዬ፣ ቶሎ ይቀየር» የሚል ወረቀት ታስሮበታል። እዚያው ከደንበኞቹ ጋር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ግማሽ ፀጉሩን የተላጨው ሰውዬ መሐረብ ሰጠኝ።

ዛሬ ጠዋት አስገጠምኩት። መካኒኩ፣ «ያለው እኮ ገና ነው፣ ዓምና የተቀየረ ነው፤ ትንሽ ስለላላ ነው የሚጮኸው» ሲለኝ «አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት። አሁን ፀጥ ብላለች። እንዲህ ፀጥ ብላ ስትሄድ የሰው መኪና ትመስለኛለች። ከእንግዲህ ባልፍ አትሰማኝም፤ እሱን ሳስብ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ገዝቼ እዚሁ መቀመጫው ላይ መጻፍ የጀመርኩት።

ልጄ፣ ሰክሮ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ልኬህ ካድኩህ። ይቅር በለኝ። ና አልልህም፤ ሥራህን ትተህ፣ ብርዱን ለምደህ፣ እኔ ጻፍኩ ብለህ አትንከራተት። አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ። ከፈለግህ ስደበኝ፣ ጽሕፈትህን ልይ ብቻ። አራተኛው ደብተር አልቋል። አምስተኛውን ገዝቻለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ባዶ ትቼልሃለሁ፣ ስትመጣ ወይም ስትልክልኝ እንድትጽፍበት። እኔ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሬያለሁ።

የሄድክበት መንገድ ይቅናህ። ክፉ አይይህ፣ ክፉ አትይ። የምትፈታው ብሎን ሁሉ እሺ ይበልህ። ካልሲ ደርብ።

እናትህ፣
ባለደብተሯ

ሳልረሳው፤ የአሁኑን እንደ ልማዴ ሳልወርድ ጽፌዋለሁ። «ሐሙስ። ከመምህሩ ቤት ፖስታ ቤት፣ አራት ኪሎ ሜትር። የግል።» አሁን ልውረድ።